ስለ ሞተር ዘይት ውፍረትና ቅጥነት፤ ለቤተ ሰብ አውቶሞቢል የሚስማማው እንዴት እንደሚመረጥ

ብረት ከብረት ጋራ ሲፋተግ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይበላል፤ ሲበላም ይላላል። ይህን ለማወቅ ብዙ ትምህርት አያሻም፤ ወፍጮ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በአውቶሞቢል ሞተር ውስጥ ያለው መፋተግ ግን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ዝግ ያለ አይደለም። አንድ የቤተ ሰብ መኪና በሜዳ መንገድ ሲሄድ ሞተሩ በአንድ ደቂቃ 2,000 ወይም 3,000 ጊዜ ይዞራል፤ በየዙሩም እያንዳንዱ ፒስተን አንድ ጊዜ ይወጣል፥ አንድ ጊዜ ይወርዳል። ብረቱ ይህን ሁሉ ችሎ ለብዙ ዓመት የሚኖረው፥ በአንዱና በሁለተኛው መካከል ከሰው ጠጕር እጅግ የቀጠነ የዘይት ሽፋን ስለሚገባ ነው። ይህ ሽፋን የጠፋ እንደ ሆነ ሞተሩ ብዙ አይቈይም፤ ኩሽኔታው ይቀልጣል፥ ዋናው የሚዞረው ዘንግም ይጫራል።

አውቶሞቢል በኢትዮጵያ በመጀመሪያ የታየው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያረጀውን ሽጦ ከውጭ አገር ሌላ ማስመጣት ለቻለ ሰው መንገዱ ክፍት ሆኖ ኖረ። በ2016 ዓ.ም. ግን መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ወሰነ፥ ዛሬ በሰው እጅ ያለው የቤንዚን መኪና በቀላሉ ምትክ የማይገኝለት ንብረት ሆኗል። ከከተማ በራቀው አገር ደግሞ አንድ መኪና የአንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ ምጥ የጸናባት ሴት ወደ ሐኪም ቤት የምትደርሰው፥ ምርጥ ዘርና የከብት መድኃኒት በጊዜው የሚመጣው ብዙ ጊዜ በእርሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሞተር አራት ሊትር በማይሞላ ዘይት ስሕተት ማጥፋት ትልቅ ጕዳት ነው። ጕዳቱም በአንድ ቀን ስለማይታይ ባለቤቱ ምክንያቱን ሳያውቀው ይቀራል።

ፈሳሽ ነገር ሁሉ በአፈሳሰሱ እኩል አይደለም። ውኃ ፈጥኖ ይፈሳል፤ የኑግ ዘይት ይዘገያል፤ ማር ከሁሉ ይልቅ ይዘገያል። የዘይት ውፍረት የሚባለውም ይኸው መዘግየት ነው እንጂ ክብደት አይደለም። በየጋራዡ «ከባድ ዘይት፥ ቀላል ዘይት» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አነጋገሩ ተለምዷል፥ ትክክል ግን አይደለም። ዘይት ከውኃ ይወፍራል፤ ቢሆንም ከውኃ ስለሚቀል በላዩ ይንሳፈፋል።

ዘይትን ለመምረጥ ችግር የሚያመጣው ውፍረቱ በሙቀት የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። ማር በታኅሣሥ ማለዳ በደብረ ብርሃን ከማሰሮው አልወጣ ይላል፤ ያው ማር በአዋሽ ቀትር ያለ ማንኪያ ይፈሳል። የሞተር ዘይትም እንዲሁ ነው። ሊቃውንት የአፈሳሰስን መዘግየት የሚሰፍሩበት መለኪያ ሴንቲስቶክ ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው ከሊቁ ከጆርጅ ስቶክስ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት ያለ ውኃ 1 ሴንቲስቶክ ያህል ነው። በገበያ ብዙ የሚገኘው 20 ደብልዩ 50 የተባለው ዘይት በ40 ዲግሪ ሙቀት 160 ሴንቲስቶክ ያህል ሆኖ ሳለ፥ በ100 ዲግሪ ወደ 18 ይወርዳል። ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ቢጨምር ውፍረቱ ከስምንት እጅ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ሞተር ደግሞ ማለዳ በ10 ዲግሪ ተነሥቶ፥ ከአንድ ሰዓት በኋላ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ አንዱ ዘይት ለሁለቱም ጊዜ መብቃት አለበት።

በጣሳው ላይ የተጻፈው ቍጥር የመጣው ከዚህ ነው። በአሜሪካ አገር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1905 የተቋቋመው የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር፥ በ1911 የሞተር ዘይቶችን በውፍረታቸው ለይቶ ቍጥር ሰጣቸው። ኤስ.ኤ.ኢ. የሚለው ጽሕፈት የዚሁ ማኅበር ስም አሕጽሮት ነው። ቍጥሩ የደረጃ ምልክት እንጂ የሙቀት ወይም የሴንቲስቶክ ልክ አይደለም፤ ስለዚህ 40 ቍጥር ዘይት እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ብቻ ይሠራል ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። በ100 ዲግሪ ሙቀት ሲሰፈሩ፥ 20 ቍጥር ከ6.9 እስከ 9.3፥ 30 ቍጥር ከ9.3 እስከ 12.5፥ 40 ቍጥር ከ12.5 እስከ 16.3፥ 50 ቍጥር ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ሴንቲስቶክ ይሆናል።

ከፊት ያለው ቍጥር የብርድ ቍጥር ነው። ከእርሱ በኋላ የሚጻፈው ደብልዩ የሚባለው ፊደል የእንግሊዝኛው የክረምት ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ ይህም በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ያሳስታል። የፈረንጅ ክረምት በረዶ የሚወርድበትና ውኃ የሚረጋበት የብርድ ወራት ነው፤ የኢትዮጵያ ክረምት ግን የዝናም ወራት ነው። በደጋው አገር ብርዱ የሚጠነክረው በኅዳር፥ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት፥ ሰማዩ በጠራበት በበጋው ወራት ነው። ስለዚህ «ደብልዩ ያለበት ዘይት ለሐምሌና ለነሐሴ ነው» ብሎ በመስከረም ሌላ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ይከሰክሳል። እንዲህ ያለው ዘይት ዓመቱን በሙሉ ያገለግላል። የተሠራውም ከቀጭን ዘይት ላይ፥ ሲሞቅ የሚዘረጋና ሲበርድ የሚሰበሰብ ቅመም ተጨምሮበት ነው። ቅመሙ በብዙ ሥራ ብዛት እየተቈራረጠ ኃይሉን ስለሚያጣ፥ ጊዜው ያለፈበት 50 ቍጥር ዘይት ወደ 40 ሊወርድ ይችላል። ዘይት በጊዜው እንዲለወጥ ከሚያስገድዱት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

የብርዱ ቍጥር ፈተና እጅግ ብርቱ ነው። 20 ደብልዩ የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ፥ 15 ደብልዩ በ20፥ 10 ደብልዩ በ25፥ 5 ደብልዩ በ30 ዲግሪ ነው። በኢትዮጵያ ውርጭ በሚወርድበት በደብረ ብርሃን አካባቢ እንኳ ማለዳው ከዜሮ በጥቂት ብቻ ይወርዳል። እንግዲህ ሞተሩ አልነሣም ይላል ብሎ መፍራት አያሻም፤ 20 ደብልዩም ቢሆን ያስነሣል። ነገር ግን መነሣቱ ብቻ አይበቃም። ሌሊቱን ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ ተጠራቅሞ ያድራል፤ ማለዳ ሞተሩ ሲነሣ ፓምፑ እስኪያደርሰው ድረስ ላይኛው ክፍል ቀድሞ በተቀባው ጥቂት ዘይት ብቻ ይሠራል። የፊተኛው ቍጥር ያነሰ እንደ ሆነ ዘይቱ ፈጥኖ ይደርሳል። በደጋ አገር ለሚኖርና በየቀኑ ማለዳ ለሚነሣ መኪና፥ መጽሐፉ እስከ ፈቀደ ድረስ፥ ከ20 ደብልዩ ይልቅ 5 ደብልዩ ወይም 10 ደብልዩ ይሻላል የሚባለው ስለዚህ ነው። በድሬ ዳዋ ወይም በሰመራ ለሚያድር መኪና ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም።

አሁን የወፈረ ዘይት ሁልጊዜ ይበልጣል የሚለውን ሐሳብ መመርመር ይገባል፤ ብዙ ሰው በዚህ ይስታልና። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1883 ቢዮቻምፕ ታወር የተባለ የእንግሊዝ መሐንዲስ፥ በሚዞር ዘንግና በኩሽኔታው መካከል ዘይቱ በራሱ ኃይል ዘንጉን ተሸክሞ እንደሚያነሣው በፈተና አየ። በ1886 ኦስቦርን ሬይኖልድስ ምክንያቱን በስሌት አስረዳ፦ ዘንጉ ሲዞር ዘይቱን ወደ ጠባቡ ቦታ ይስበዋል፤ ዘይቱም ወደዚያ ሲጨናነቅ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ብረቱን ከብረቱ ይለያል። የሽብልቁ ኃይል ከሦስት ነገር ይመጣል፤ ከዘይቱ ውፍረት፥ ከዘንጉ ፍጥነትና ከሸክሙ ልክ። ዘይቱ ቢወፍር ወይም ዘንጉ ቢፈጥን ሽፋኑ ይወፍራል፤ ሸክሙ ቢበዛ ሽፋኑ ይሳሳል። ስለዚህ እጅግ የቀጠነ ዘይት በሙቀትና በሸክም ጊዜ ተጨፍልቆ ብረቱ ይገናኛል። እጅግ የወፈረው ደግሞ በጠባቡ ቀዳዳ ፈጥኖ አያልፍም፤ ዘይት የሞተርን ሙቀት ይዞ የሚወጣ ስለ ሆነ፥ አዘውትሮ ካልፈሰሰ የኩሽኔታው ሙቀት ይጨምራል። ሞተሩም ዘይቱን ለማንቀሳቀስ ኃይል ስለሚያወጣ ቤንዚን በከንቱ ይነዳል። ወፍራም ዘይት ጨምሬአለሁ ብሎ የተማመነ ሰው፥ በቤንዚን ሒሳቡ ላይ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ሲከፍል ይኖራል።

ይህ በመንገድ ላይ እንዴት እንደሚታይ ለመረዳት ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን መንገድ ማሰብ ይጠቅማል። አምስት ሰዎችና ዕቃ የጫነ ትንሽ የቤተ ሰብ መኪና ማለዳ በብርድ ይነሣል እንበል። እስከ ደጀን ድረስ መንገዱ ሜዳና ቀዝቃዛ ነው፤ በዚህ ጊዜ 30 ቍጥርም ሆነ 40 ቍጥር ያለ ችግር ያገለግላል። ከደጀን በኋላ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ 1,300 ሜትር ያህል ይወርዳል። ብልህ ሾፌር በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩን ልጓም አድርጎ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ቤንዚን ሳይሰጠው በፍጥነት ስለሚዞር በውስጡ ብርቱ መሳብ ይሆናል። ፋሻውና የቫልቩ መክደኛ ያረጀበት ሞተር ዘይቱን ወደ ላይ ይስባል፤ በታች ነዳጅ ሲሰጠውም ሰማያዊ ጢስ ያወጣል። ይህ ጢስ ከታየ የዘይቱን ልክ ሳያዩ ዳገቱን መጀመር አይገባም።

በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተውን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት ሲጀመር ሌላ ነገር ይመጣል። የበረሃው ሙቀት ከውጭ ነው፤ የሸክሙ ሙቀት ከውስጥ ነው። ወደ ላይም በተወጣ መጠን አየሩ ይሳሳል፤ በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ አንድ አራተኛውን ያህል ያጣል። ሾፌሩ የጐደለውን ኃይል ለመተካት ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይረግጣል። የዘይቱ ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ሊወጣ የሚችለው እዚህ ላይ ነው፤ የኋለኛው ቍጥር ጥቅምም የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። 30 ቍጥርና 40 ቍጥር ከሚለያዩበት የበለጠ ግን የሾፌሩ ልማድ ይለያያል። ማርሽ መለወጥ ሞተሩን ያደክማል ብለው ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ፥ ሞተሩ እያቃሰተ የሚወጡ ሰዎች አሉ። ከላይ እንደ ተነገረው ፍጥነቱ ሲያንስና ሸክሙ ሲበዛ ሽፋኑ ይሳሳል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው አነዳድ ጥሩውን ዘይት ቀጭን እንደ ማድረግ ነው። ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩን በቀላሉ ማዞር ይሻላል።

ታዲያ ለዚህ መኪና የትኛው ዘይት ይመረጥ? መጀመሪያ የሚጠየቀው ከመኪናው ጋራ የመጣው መጽሐፍ ነው። ብዙዎቹ መጻሕፍት በአገሩ ሙቀት ልክ የተፈቀዱትን ቍጥሮች በሠንጠረዥ ያሳያሉ። አንዱ ዐይነት መኪና ለጃፓን ወይም ለአሜሪካ ሲሸጥ ቀጭን ዘይት ይታዘዝለታል፤ ለሙቅ አገር በተጻፈው መጽሐፍ ግን ወፈር ያለውም ይፈቀድለታል። ምክንያቱ የሙቀት ብቻ አይደለም፤ ቀጭን ዘይት ቤንዚን ስለሚቈጥብ፥ በእነዚያ አገሮች የነዳጅ ቍጠባ ሕግ አለና ነው። የቶዮታ መጽሐፍ ራሱ ቀጭኑን ካዘዘ በኋላ፥ በታላቅ ፍጥነት ወይም በብርቱ ሸክም ለሚሠራ መኪና የኋለኛው ቍጥር ከፍ ያለ ዘይት ሊስማማ እንደሚችል ያመለክታል። ስለዚህ መጽሐፉ 5 ደብልዩ 30 ላለው ጤነኛ ሞተር፥ በከተማና በደጋ ለሚሄደው ያው 5 ደብልዩ 30 ይበቃዋል። ዘወትር ዓባይን ለሚሻገር፥ ወይም ወደ አዋሽና ወደ አፋር ተጭኖ ለሚወርድ ግን፥ መጽሐፉ ከፈቀደ 5 ደብልዩ 40 ወይም 10 ደብልዩ 40 መልካም ምርጫ ነው። ከዚያ አልፎ ወደ 50 መሄድ ለጤነኛ ሞተር አያስፈልግም።

0 ደብልዩ 20 ለታዘዘላቸው አዳዲስ ሞተሮች ጥንቃቄው ሌላ ነው። እነዚህ የተሠሩት በጠባብ ክፍተትና በቀጭን ዘይት መሄጃ ነው፤ በብዙዎቹም ቫልቩ የሚከፈትበትን ጊዜ የሚያፈጥነውና የሚያዘገየው መሣሪያ የሚንቀሳቀሰው በዘይቱ ግፊት ነው። በእንዲህ ያለው ሞተር 20 ደብልዩ 50 መጨመር፥ ለፈጣን በቅሎ የበሬ ቀንበር እንደ መጫን ነው። 0 ደብልዩ 20 በገበያ ከታጣ 5 ደብልዩ 30 መጨመር ይቻላል፤ በሚቀጥለው ለውጥ ወደ ታዘዘው መመለስ ይገባል።

ያረጀ ሞተር ነገር ለብቻው ነው። ብዙ መንገድ የሄደ፥ ኩሽኔታውና ፋሻው የላላ መኪና ቀጭን ዘይት ሲሰጠው ይጠጣዋል፤ ሞቆ በዝግታ ሲዞርም የዘይቱ መብራት ብልጭ ይላል። እንዲህ ላለው በአንድ ደረጃ ወፈር ያለ ዘይት፥ 30 የነበረውን 40፥ 40 የነበረውን 50 ማድረግ ይረዳዋል፤ ለሽማግሌ ከዘራ እንደ መስጠት ነው፥ ወጣት ግን አያደርገውም። አስቀድሞ መካኒኩ የዘይቱን ግፊት በመለኪያ ይስፈር፤ መብራቱ የበራው ወንፊቱ በዝቃጭ ስለ ተደፈነ እንደ ሆነ ወፍራም ዘይት ነገሩን ያብሰዋል እንጂ አያድነውም። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም ይጠንቀቅ፤ የሞተርን መንኳኳትና ጢስ ለጥቂት ቀን ለመደበቅ እጅግ ወፍራም ዘይት ጨምሮ የሚሸጥ ሰው አይጠፋም።

ከቍጥሩ ሌላ በጣሳው ላይ ፊደላት አሉ። እነዚህ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ማኅበር የሰጣቸው የጥራት ምልክቶች ናቸው። በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር፥ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። ሁለተኛው ፊደል በፊደል ተራ እየራቀ በሄደ ቍጥር ዘይቱ አዲስና የተሻለ ይሆናል፤ ኤስ.ኤን. በአውሮፓ አቈጣጠር በ2010፥ ኤስ.ፒ. በ2020 የወጡ ናቸው። ይህን ማወቅ በተለይ የመሥሪያ ቤት ንብረት በእጃቸው ለሆነ ሹማምንት ይጠቅማል። ብዙ ጊዜ አንድ በርሜል 15 ደብልዩ 40 የናፍጣ ዘይት ተገዝቶ ለትራክተሩም፥ ለጭነት መኪናውም፥ ለትንሿ የቤንዚን መኪናም ይቀዳል። ለትራክተሩ መልካም ነው። ጣሳው ወይም በርሜሉ የኤስም የሲም ምልክት ካለው፥ መጽሐፉም 15 ደብልዩ 40ን ከፈቀደ፥ ለአሮጌ የቤንዚን መኪናም ያገለግላል። የጢስ ማጥሪያ ላላት አዲስ መኪና ግን፥ ለናፍጣ ብቻ በተሠራው ዘይት ውስጥ ያለው ቅመም በጊዜ ብዛት ማጥሪያውን ያበላሸዋል። የዚህ ተቃራኒ የባሰ ነው፤ የቤንዚን ብቻ የሆነ ዘይት በናፍጣ ሞተር ቢገባ ጥላሸቱን ተሸክሞ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ግምጃ ቤት ጠባቂው ሁለት በርሜል ቢያስቀምጥና በእያንዳንዱ ላይ በትልቅ ጽሕፈት ቢጽፍ፥ የሚወጣው ወጪ ከአንድ ሞተር ጥገና እጅግ ያንሳል።

በገበያ የሚሸጥ ዘይት ሁሉ በጣሳው ላይ እንደ ተጻፈው አይደለም። ያገለገለውን አጣርተው በታወቀ ስም ጣሳ የሚሸጡ አሉ። ክዳኑ ተነካክቶ እንደ ሆነ፥ የተሠራበት ቀንና ቍጥር ተፍቆ እንደ ሆነ፥ ዋጋው ከሌላው ሱቅ እጅግ ወርዶ እንደ ሆነ አለመግዛት ነው። ባዶውን ጣሳ መብሳት ደግሞ መልካም ልማድ ነው፤ የተበሳ ጣሳ ተመልሶ አይሞላም።

ዘይቱ ከተጨመረ በኋላ መለካት አይረሳ። መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ፤ የመለኪያው ዘንግ ተጠርጎ ዳግመኛ ይግባ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፥ ወደ ላይኛው ቀረብ ብሎ ሊታይ ይገባል። ከላይኛው ምልክት ያለፈ እንደ ሆነ በዘንጉ እየተመታ አረፋ ይሆናል፤ አረፋም ሸክም አይችልም። ዘይቱ መጥቈሩ ብቻ መበላሸቱን አያስረዳም፤ ጥላሸቱን አጥቦ መያዙ ነውና። ነጭ ሆኖ እንደ ወተት ከታየ ግን ውኃ ገብቶበታል፤ መኪናው አይንቀሳቀስ። የዘይቱ ቀይ መብራት በመንገድ ላይ ቢበራ ሞተሩን በዚያው አጥፍቶ መቆም ነው እንጂ እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ ማለት አይገባም።

የሚለወጥበትን ጊዜ መጽሐፉ ይናገራል፤ ብዙዎቹ በመልካም መንገድ 10,000 ኪሎ ሜትር ሲሉ፥ በአቧራ፥ በዳገትና በአጭር አጭር ጕዞ ለሚሠራ መኪና ግማሹን፥ 5,000 ኪሎ ሜትር፥ ያዛሉ። በገጠር መንገድ የሚሄድ መኪና ሁሉ ከዚህ ከሁለተኛው ይቈጠራል። ዘይቱ ሲለወጥ ፊልትሮውም አብሮ ይለወጥ። የወጣው አሮጌ ዘይት በእርሻ፥ በጕድጓድ ውኃ አጠገብ ወይም በወንዝ ዳር አይፍሰስ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ተጠራቅሞ ለሚሰበስቡት ይሰጥ። ከዚያ በኋላ የዘይቱ ቍጥርና ፊደል፥ የተለወጠበት ቀንና የኪሎ ሜትሩ ልክ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ፥ ሾፌሩ ቢለወጥም ሌላው እንዲያየው፥ በሞተሩ ክዳን ውስጥ ይለጠፍ።